የላክሽልኝ ቢላዋ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ገና ሳትመረቂ ለምታዝዢኝ ለወንድሜ ልጅ፣ ለዶክተርዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክስ አለኝ። የላክሽልኝ ቢላዋ ሲታጠፍ አውራ ጣቴን ይነክሳል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ነክሶኛል። የእንስሳት ሕክምና የሚማር ሰው ለአጎቱ የሚናከስ ዕቃ ይልካል? ጥርሱን ነቅለሽ ብትልኪው ምን ነበረበት።

ስለቱ ግን አይታማም። የተቀመጥኩትም እሱን ልነግርሽ ነው፤ እየቀለድኩ ማዘግየቴን ታውቂብኛለሽ።

ባዝራችን የወለደች ዕለት ጠዋት ጎረቤታችን ባለጋሪው ፈረሱን አመጣልኝ። ጉሮሮው ሥር ጡጫ የሚያህል እብጠት ወጥቶበት መተንፈስ አቅቶታል።

"ሐኪሜ፣ ካልዳነልኝ ጋሪውን የምትጎትተው አንተ ነህ" አለኝ።

በቢላዋሽ በጣሁት። መግሉ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ፈረሱም አየር ሳበና በምስጋና ፈንታ ረገጠኝ። ቢላዋውን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ኪሴ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ውርንጭላዋ ተወለደች፤ ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት። "እትብቱን አትቁረጡ፤ ራሱ ይበጠስ፤ ከዚያ አዮዲን ውስጥ ንከሩት" ብለሽ ሁለት ጊዜ ያሰመርሽበት ደብዳቤ ጋጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እኔ ግን ጥበቤን ለአባትሽ ላሳየው ብዬ ያንኑ ቢላዋ አወጣሁና በአንድ ምት ቆረጥኩት።

"እጅህ ይባረክ" አለኝ አባትሽ።

በአራተኛው ቀን ጉልበቶቿ አበጡ፤ ሰውነቷ እሳት ሆነ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መርፌ ወጋት። "ባክቴሪያው በእትብቷ ገብቶ፣ በደሟ ሄዶ መገጣጠሚያዎቿ ውስጥ ሰፍሯል። ሰሞኑን ጉሮሮው ያበጠ ፈረስ እዚህ ግቢ ገብቶ ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

"የባለጋሪው ገብቷል" አለ አባትሽ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቢላዋውን ጨበጥኩ።

በስድስተኛው ቀን ሞተች። በድኗን ልናወጣ ስንል ባዝራዋ አበደች። የጋጡን በር በእርግጫ ሰነጠቀችው፤ አባትሽንም ትከሻው ላይ ነክሳ ሥጋውን ዘነጠለችው። እሱ ደሙን እያዘራ፣ የአካፋ እጀታ ይዞ ባለጋሪው ቤት ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ሰውየው ምሳ እየበላ ነበር። የመጀመሪያው ምት መንጋጋውን ሰበረው፤ ጥርሱ ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክንዱ ላይ አረፉ።

"በሽተኛህን ደጄ ድረስ አምጥተህ" ይላል አባትሽ፣ እየመታ። ወገቡን ይዤ ስጎትተው አንዱ ምት ለእኔም ጆሮ ደረሰ። ባለጋሪው አፉ በደም ተሞልቶ እኔን ያየኛል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ሰፈሩን በወሬ የማደክመው ሰውዬ ምላሴ ተሳሰረ።

ይኸው ሁለት ቀን ሆነ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባዝራዋ ራሷ በአፍንጫዋ መግል ማውጣት ጀመረች። አባትሽ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ መጥረቢያ እየሞረደ ነው። "ፈረሱን ሳልቆራርጥ አልተኛም፤ ባለቤቱም መሐል ከገባ የራሱ ጉዳይ" ብሏል። እኔ ደግሞ እዚህ በር ዘግቼ ላንቺ እጽፋለሁ። ላንቺ መንገር ይቀላል፤ ሩቅ ነሽ፣ መጥረቢያም የለሽም።

ቆይ፣ በጓሮ በኩል በር ተንኳኳ።

በመስኮት አየሁ። ባለጋሪው ነው። መንጋጋው በጨርቅ ታስሯል፤ አንድ ክንዱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በደህናው እጁ ፈረሱን ይዟል። የፈረሱ ጉሮሮ በሌላው ጎን አብጦ እያቃሰተ ይተነፍሳል። ሰውየው መናገር ስለማይችል እብጠቱን ያሳየኛል፤ ቀጥሎ በጣቱ እንደ ቢላዋ አየሩን ይቆርጣል። እዚህ ደጅ መምጣት ምን እንደሚያመጣበት ያውቃል። ግን የሚያምነው ሐኪም እኔው ነኝ።

የሞረዱ ድምፅ ቆመ። አባትሽ ተነስቷል።

ቢላዋውን ይዤ መሐላቸው ልገባ ነው። መጀመሪያ ለአባትሽ አሳየውና እውነቱን እነግረዋለሁ። ከተረፍኩ ደግሞ በፈላ ውሃ ቀቅዬ ለፈረሱ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳንልሽ፣ ልጄ።

ያሰመርሽበትን የዘለለው አጎትሽ