በውሰት ፍሬን «ብቁ ነህ» ላሉኝ ክቡር ኃላፊ

ለባለ ሰማያዊ በሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ክቡር ኃላፊ
ባሉበት
ሸዋ ሮቢት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም የሰጣችሁኝን ወረቀት ስለ መመለስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት በዚህ ወቅት ማራገቢያዎ መብራት ሳይጠፋበት፣ የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅብዎ፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ሳይቀያየም እንደምን ከረሙ? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ። እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በእጄም በእግሬም ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ሌላው ቦታዬ ነው፤ እሱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

ሙዐዊያ ሱሌይማን እባላለሁ። በስም ባያውቁኝ በድምፅ ያውቁኛል፤ ከመስኮትዎ ሥር ባለው የባጃጅ ተራ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ የሚያስቀው ሰውዬ እኔ ነኝ። በቀልድ ከጀውሃ እስከ ደብረ ሲና አቻ የለኝም፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ ሳልሆን የተሳፈረ ሁሉ ነው። ደብዳቤውን ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ፣ ራሴ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት የማታ ትምህርት ስገባ ፊደል ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነበር፤ ዛሬ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር ለጎረቤት አነባለሁ። መምህርታችን እትዬ ዓለምፀሐይ ነጠላ ሰረዝ ከማስተካከል በቀር እጃቸውን አላስገቡበትም፤ ሽሙጡ በሙሉ የግሌ ነው።

እንግዲህ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለበትን ነገር እንደማይቀበል ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሀገሬን ስላሳያችሁኝ።

ባለፈው ዓመት የባጃጄ ቦሎ ሊያልቅ ሲል ዓመታዊው ምርመራ የት እንደሚደረግ ጠየቅሁ። አንዱ «ደብረ ሲና ነው» አለኝ። ወጣሁ። ፍሬኗ ያለቀ ባጃጅ፣ ፍሬኗ ማለቁን ለማስመርመር ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ ይታይዎት፤ መውጣቱስ ምንም አይደል፣ መውረዱ ነው እንጂ። እዚያ ብርድ ካስነከሱኝ በኋላ «የእናንተማ ታች ነው» ብለው መለሱኝ፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እየጎተትኩ፣ ከፊቴ የሚሄደውን የሲሚንቶ መኪና እየተመለከትኩና የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እየጨረስኩ ወረድኩ። በነጋታው ሌላው «ጀውሃ ነው» አለኝና ሄድኩ። እዚያ ምሳ የሚበሉ የከባድ መኪና ሾፌሮች ባጃጄን ዞር ዞር ብለው አይተው «ወንድሜ፣ ይቺን የሚመረምር የእንስሳት ሐኪም ነው» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጣቢያዎን አገኘሁት። ከባጃጅ ተራችን ጀርባ፣ ከሽንኩርት መጋዘኑ አጠገብ ነው። ታፔላ የላችሁም ብዬ ልወቅስዎ ነበር፤ ግን ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ እንደተረዳሁት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ባጃጄን ከጥላው ሥር የማቆመው፣ መወልወያ ጨርቄንም የማሰጣበት ቆርቆሮ ታፔላችሁ ኖሯል። ስለዚህ ወቀሳውን አንስቻለሁ። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ከፊደሉ ጎን አንዲት የባጃጅ ሥዕል ቢያክሉበት ቀለሙ ምን ያህል ይፈጅ ነበር? እንደ እኔ ያለውን ሰው ደብረ ሲና ድረስ ባልሰደደው።

2ኛ/ ደንቡን ከፀሐይም ከሰውም ስለጠበቃችሁልን።

የምርመራው ደንብ ከመስታወት ጀርባ ተሰቅሏል፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ ደንቡ እንዳይደበዝዝ መጋረጃ ተጋርዶበታል። ዘበኛውን «ምን ይላል?» ብዬ ብጠይቀው «እዚያ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ወላሂ፣ ከዚህ የበለጠ እውነት ሰምቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ በራሴ ዐይን አነበብኩት። ዘጠነኛው ላይ፣ ፍሬን ተሽከርካሪውን ሰውና ዕቃ እንደ ጫነ ቁልቁለት ላይ ማቆም አለበት ይላል። የእናንተ መርማሪ የእኔን ባጃጅ ባዶዋን፣ በሜዳ፣ ከማንጎው ዛፍ እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ ነድቶ አቆማትና ፍሬኗን አመሰገነ። ማንጎው ዛፍ ሥር ቁልቁለት ባለመኖሩ መርማሪው ምን ያድርግ? ዛፉ ነው የተሳሳተ ቦታ የበቀለው።

3ኛ/ ቀይ ቀለምን ስላከበራችሁ።

የእሳት ማጥፊያዬ ቀይ መሆኑን አይታችሁ አለፋችሁ፤ ባዶ መሆኑን አላያችሁም። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኔ ላይ ቀይ መስቀል መኖሩን አይታችሁ አለፋችሁ፤ ውስጡ አንድ የማንጎ ቢላዋና የተጨመቀ ግማሽ ሎሚ ነበር። በጊዜው ይህን ለተራው ልጆች ነግሬ ሆዳቸውን እስኪያማቸው አስቄያቸዋለሁ። አሁን አላስቅበትም።

4ኛ/ ወንፈላችንን ስለባረካችሁ።

እዚህ ላይ ምስጋናው ለእናንተ፣ ጥፋቱ ለእኔ ነው። የቀወት ገበሬ ማሽላውን በወንፈል ያርማል፤ ዛሬ ሁሉም የእኔን፣ ነገ ሁሉም የአንተን። እኛ ባለ ባጃጆችም ከእሱ ተምረን የፍሬን ወንፈል አቋቁመናል። አንድ አዲስ የፍሬን ሸራ በጋራ አለን፤ እንዳትጠፋ ጠርዟ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታለች። የምርመራው ተራ የደረሰው ሰው፣ ስሙን የማልጠራው መካኒክ ዘንድ ጠዋት ያስገጥማታል፤ «ብቁ» ይባላል፤ ከሰዓት አስፈትቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋታል፤ የራሱን ያለቀ ሸራ መልሶ አስሮ ተሳፋሪ ይጠራል። በእኔ ባጃጅ ላይ አንድም ሌሊት አላደረችም። ያቺ ሸራ እኔ እስከማውቀው ድረስ በአራት ባጃጆች አራት ጊዜ ፊታችሁ ቀርባለች፤ አንድም ቀን ጎማ ፈትታችሁ ስላላያችኋት እንጂ እስካሁን ከቤተሰባችሁ እንደ አንዷ በሆነች ነበር።

ወረቀቱን ስትሰጡኝ ላስቲክ አልብሼ ከመሪው በላይ ሰቀልኩት። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ማኅተሙ ግን ያምር ነበር።

5ኛ/

ክቡር ሆይ፣ አምስተኛውን በምስጋና መልክ ለመጻፍ ሁለት ቀን ሞክሬ አቃተኝ። እንደ ሆነው ልጻፈው።

ከአራት ወር በፊት፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ እትዬ ዘምዘምን ከሁለት ከረጢት ሽንኩርታቸው ጋር አሳፍሬ ወደ ወንዙ ቁልቁል ስወርድ ነበር። እትዬ ዘምዘም ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ በማታው ክፍልም ከጎኔ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ክፍሉ ሁሉ በእኔ ቀልድ ሲንከተከት አንገታቸውን ደፍተው የሚጽፉ ብቸኛ ሰው ስለሆኑ፣ እሳቸውን ማሳቅ የሕይወቴ ትልቁ ዓላማ ሆኖ ነበር። በዚያ ጠዋትም ፊቴን ወደ ኋላ መልሼ አንዱን ቀልድ ልጨርስ ስል፣ የማሽላ አገዳ የጫነች አህያ መንገዱ መሀል ቆማለች። ፍሬኑን ረገጥኩ። ፍሬኔ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን «እናየዋለን» አለኝ። ከአህያዋ ሳመልጥ ቦዩ ውስጥ ገባን።

እኔ አንድ ቦታ እንኳ አልተቧጨርኩም። ከረጢቱ እትዬ ዘምዘም ላይ ወድቆ የቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተሰበረ። ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ቢላዋና ሎሚ። ሽርጤን ቀድጄ አሰርኩላቸውና ሌላ ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው።

ከዚያ ትራፊኩ መጣ። ላስቲክ የለበሰውን ወረቀቴን አነበበና «ፍሬኑ ብቁ ነው ይላል፤ ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ሰው ከቦኛል፤ ሰው ሲከበኝ ደግሞ ምላሴ ከእኔ አትማከርም። «እንግዲህ እትዬ ሳይቆም ዘለው ይሆናላ፣ ዝላይ መቼም በእርጅና ነው የሚያምረው» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ትራፊኩ ጻፈ። እኔም ለሳምንት የተለማመድኩትን ፊርማ፣ ጅራቷን ረዘም አድርጌ ፈረምኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ፊርማ ናት። አሪፍ ፊርማ ናት፤ ያረፈችው ውሸት ላይ ነው። በማግስቱ ከትራፊክ የመጡ ሰዎች ለእትዬ ዘምዘም «ስለ አደጋው ነው» ብቻ ብለው በግራ አውራ ጣታቸው አስፈረሟቸው።

ከዚያ ወዲህ የገበያው ተሸካሚዎች «እትዬ ዝላይ» ይሏቸዋል። «እትዬ ዝላይ፣ ዛሬ ከየት ዘለው መጡ?» እያሉ ሽንኩርት ያወርዱላቸዋል። ቀልዱን ማን እንደፈጠረው ስለሚታወቅ ሲያዩኝ አውራ ጣታቸውን ያነሱልኛል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እትዬ ዘምዘም የአደጋውን ወረቀት ክፍል ይዘው መጡ። መምህርታችን «የዛሬውን ንባብ ማን ይጀምር?» ሲሉ እሳቸው ተነሡ። የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት በየፊደሉ ሥር እያሳለፉ «ተ ሳ ፋ ሪ ዋ» ብለው ጀመሩ። «ተሳፋሪዋ ተሽከርካሪው ሳይቆም በመዝለላቸው» እስከሚለው ለመድረስ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ሄደ። ከዚያ አጥፈው አስቀመጡትና ዞር ብለው «አንተ ሙዐዊያ፣ እኔ ነኝ የዘለልኩት?» አሉኝ።

እኔ፣ ከጀውሃ እስከ ደብረ ሲና አቻ የሌለኝ፣ «እትዬ፣ ንባብዎ እንዴት አምሯል!» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ደብተራቸውን በግራ እጃቸው ሰብስበው ወጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለትምህርት አልመጡም። ወንበራቸው ከጎኔ ባዶ ነው። የምቀልድበት ሰው ሞልቷል፤ የምጽፍበት እጅ ግን ይከብደኝ ጀመር።

ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሸራውን፣ ወንፈሉን፣ ምላሴን። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ለእኔ የምትነግረኝን እኔ አውቀዋለሁ፤ ስወድቅ እዚያው ነበርኩ። ሂድና ለማያውቁት ንገር» አሉኝ።

ሄድኩ። ትራፊኩ ጋ ሄጄ «ፍሬን አልነበረኝም፣ የዘለለ ሰው የለም» ብዬ ብነግረው፣ «የጣቢያው ወረቀት ብቁ ነው ይላል፤ ባለ ማኅተሙን ትቼ አንተን ልመን?» አለኝ። ወደ እናንተ መስኮት ሦስት ጊዜ መጣሁ። በሦስተኛው ጸሐፊዎ በትሕትና እንደነገሩኝ ብቁ ለመባል የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ብቁ የተባለ ሰው «አይደለሁም» ብሎ የሚሞላው ቅጽ ግን የለም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሀገር ሰው በውሸት ተመስክሮለት ሲደሰት ብቻ ነውና የምታውቁት፣ ቅጹ ባይኖር አይገርመኝም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ አንዱን በርዎ ላይ፣ ሌላውን ተራችን ካለው የዛፍ ግንድ ላይ ለጥፌዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በዚያ ቀን የመረመራችሁት ፍሬን የእኔ እንዳልነበረ፣ እትዬ ዘምዘምም እንዳልዘለሉ የሚገልጽ አንዲት መስመር ማኅተም አድርጋችሁ ለትራፊኩ ጻፉልኝ። ቅጣቴን እቀበላለሁ፤ መንጃ ፈቃዴንም ውሰዱት። ቦሎዬን ከመስታወቱ ልጬ ከታች አጣብቄዋለሁ። ባጃጄ በርዎ ላይ ቆማለች፤ ያለ ፍሬን እንዳትሄድብዎ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርጌያለሁ። በእሷ ላይ እስካሁን ከተደረገው ምርመራ ሁሉ እውነተኛው ፍሬን ያ ድንጋይ ነው።

ለሥራዎ ትጋት፣ ለመጋረጃዎ ውፍረት፣ ለማንጎዎም ጥላ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከደጅዎ የማልርቅ፣ ፊርማዬን ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ለእውነት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የማኖር፣

ሙዐዊያ ሱሌይማን
ብቁ ያልሆነ ባለ ባጃጅ

ግልባጭ፦
ለማታው ክፍላችን፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ
ለገበያው ተሸካሚዎች፣ ከእንግዲህ «ዝላይ» እኔ እንደሆንኩ እንዲታወቅ
ለእትዬ ዘምዘም፣ ወንበርዎ አለ

ማሳሰቢያ፦ ባለ አረንጓዴ ጠርዟ ሸራ ሐሙስ ጠዋት ለአምስተኛ ጊዜ ወደ እናንተ ትመጣለች። በየትኛው ባጃጅ እንደሆነ ወንፈል ነውና አልናገርም፤ ጎማ ፍቱና ሰላም በሏት። «ብቁ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «አይደለም» ብሎ መጻፍ እጃችሁ ካልለመደ ደግሞ አትቸገሩ፤ እትዬ ዘምዘም በግራ እጃቸው መጻፍ ተምረዋል፤ ብትጠሯቸው መጥተው ይጽፉላችኋል።