ያሸግንበት ፕላስተር ሙቀት አይችልም

ውድ ይታየው፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፤ ካለፈው እሁድ ወዲህ ደህና አይደለሁም። ስልክ ብታነሳልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ስለማታነሳ ወደ ቡለን ለሚመለስ አንድ አስተማሪ ደብዳቤውንም ጥቅሉንም ሰጥቼዋለሁ።

እሁድ ፌስቡክ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር የተነሳኸውን ፎቶ አየሁት። ስሟ ትርሐስ ነው አሉኝ፤ ከአንተ ጋር የምታስተምር። ቆንጆ ናት፣ አልክድም፤ ስትስቅ ብቻ ጥርሷ ትንሽ ይበዛል። አጠገቧ ቆመህ የምትስቀውን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ ድሮ ለእኔ ነበር። እሱንስ እንደምንም ዋጥኩት። አንጀቴ እርር ያለው ብስክሌቷን ሳይ ነው። እኔና አንተ አሶሳ በረንዳችን ላይ የለፋንባቸውን ቀያይ ቸርኬዎች ለሌላ ሴት ትሰጣለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ከፎቶው ሥር «ለፊታችን ቅዳሜ ውድድር ዝግጁ» ብላ ጽፋለች። የቡለንን ቁልቁለት ነው አሉ የምትወርደው።

አሁን ቅናቴን ለአፍታ ተወውና ስማኝ።

ያኔ ጎማዎቻችን ያለ ካላማዳሪያ፣ ያለ ውስጥ ጎማ፣ አየር እንዲይዙ ቲዩብለስ ልናደርጋቸው ስንነሳ፣ የቸርኬውን የሽቦ ቀዳዳዎች የሚደፍነው ፕላስተር ገበያ ላይ ጠፋ። በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር እንደራርበው አልክ። እኔም እሺ አልኩ፤ አንተ ያልከው ሁሉ ልክ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር። አሶሳ ሜዳው ላይ ስንነዳ ፍሬን ብዙም ስለማንይዝ፣ ፕላስተሩ አላሳፈረንም።

ባለፈው ወር ግን ለሥራ ካማሺ ስላክ ብስክሌቴን መኪና ላይ ጭኜ ሄድኩ። አንዱን ረጅም ቁልቁለት ፍሬን ይዤ ይዤ ወረድኩት። ግማሽ ላይ የፊቱ ጎማ ድንገት ተነፈሰና ከነብስክሌቴ ጥሻ ውስጥ ገባሁ። ክርኔ ተላጠ። ቸርኬውን ብነካው ጣቴን አቃጠለኝ። እዚህ ስመለስ ብስክሌት ጠጋኙ ሻዕባን ጎማውን ፈታና የቀለጠውን ሙጫ በጣቱ እየሳበ አሳየኝ።

«ወላሂ፣ ይሄ ማስቲካ ሆነ» አለ። «ፍሬን ቸርኬ ያሞቃል፣ ይሄ ሙቀት አይችልም። አየሩ በሽቦ ቀዳዳ ወጣ።»

«የይታየውም በዚሁ ነው የታሸገው» አልኩት።

«አንቺ ዛሬ ንገረው።»

ያን ቀን ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። ቡለን ከገባ ብስክሌት ትቷል ሲሉኝ እኔም ተውኩት። እሁድ ፎቶውን ሳይ ግን ቸርኬዎቹ የት እንደደረሱ ገባኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። እሷን ጥሻ ውስጥ እያሰብኩ ምሳዬን በላሁ፣ ጣፈጠኝም። ከዚያ ቁልቁለቱ ዳር ጥሻ ባይኖርስ የሚለው መጣብኝ፤ እራቴን መብላት አቃተኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ብዬ ነው ማክሰኞ በጠዋት ወረቀት ያነሳሁት።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሙቀት የሚችለው ፕላስተር ነው። ሻዕባን ለእኔ ብሎ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ነው፤ ሌላ እስኪመጣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። አሮጌውን ፕላስተር ላጡት፣ ሙጫውን በቤንዚን ጥረጉ፣ ሲደርቅ አዲሱን ወጥራችሁ ለጥፉ። ሳይቀየር እንዳትነዳ። ከእኔ ነው ካልካት እልህ ይዟት እምቢ ልትል ትችላለች፤ እኔ ብሆን እምቢ እላለሁ። ስለዚህ ከገበያ ገዛሁት በላት።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ቸርኬውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ሲያሽከረክር ሌላው ይለጥፋል፣ ጉልበት ለጉልበት መነካካቱ አይቀርም። ቸርኬውን ሌላ ሰው ይያዝላት። አንተ አትያዝላት።

በሰላም ትውረድ።

እስከ ዛሬ የምትቀናብህ፣
የዝናሽ
ከአሶሳ