ዳክዬዋ ክፍልሽ ገብታለች

አዋሳ፣ ግንቦት 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለታቢታ። ሰላምታዬ ከሐይቁ ውሃ ይብዛልሽ። እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ እንቢ ብሎኛል። ፊደሌ ቢንጋደድም ሰው አላስጻፍኩም።

የእናትሽ ዳክዬ እንቁላል ታቅፋለች። ሁለቱ ወንድ ዳክዬዎች ግን አላስቀምጥ አሏት፤ እያሳደዱ የአንገቷን ላባ ነጭተው ጨረሱት። እነሱን በዱላ ሳባርር ውዬ ከቀበሌ ስብሰባ ቀረሁ። ጓድ ሊቀመንበሩ ተቆጣኝ፤ ይቆጣ። ደክሞኛል።

ዘንድሮ ሙቀቱ ከባድ ነው። ለፋሲካ ስትመጪም እንዲሁ ይሞቅ ነበር፤ አንቺ ግን ሻርፕሽን ከአንገትሽ ሳትፈቺ ሄድሽ። ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ?

ትናንት እንቁላሎቹን በባርኔጣዬ ይዤ አንቺ ክፍል አስቀመጥኩ፤ እሷም ተከትላኝ ገባች። ጎረቤታችን ደብሪቱ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ለዳክዬ ደግሞ ክፍል ይሰጣል?» ብላ ሳቀችብኝ።

«የክፍሉ ባለቤት እስክትመጣ ነው» አልኳት።

ለበሩም ከውስጥ መቀርቀሪያ ሠራሁለት። ዳክዬ በር እንደማትቀረቅር አላጣሁትም።

ባልሽ ደብዳቤውን ልይ ካለ አሳይው፤ የዳክዬ ወሬ ነው። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ዱላዬም ከበሩ ኋላ አለ።

ጌታ ከፊትሽ ይቅደም።

አባትሽ ደምሴ