እናታችንን ወደ ቀብር የሚያወርዳት

ውድ ታናሼ፣

የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ያልኩትን ሳትቀንስ፣ ስድብም ካለበት ከነስድቡ እንድትጽፍ አዝዣታለሁ። ስልክህን ሸጠህ ስለጠጣኸው ነው በደብዳቤ የምታስለፈልፈኝ። ሰላምታውን አንተው ሙላበት፤ አንጀቴ እያረረ አይወጣልኝም።

እናታችን ደክማለች። ሐኪሙ ከሳምንት በላይ አትከርምም ብሏል። ትናንት ጠራችኝና «ወደ ቀብር የሚያወርደኝ ያ ልጅ ነው፤ ይምጣልኝ» አለችኝ። ያ ልጅ ማለት አንተ፣ ስልሳ ሊሞላህ የደረስከው ሰካራም!

«እኔስ እማዬ?» አልኳት። አልጋዋን የማነጥፈው እኔ፣ ውሃ የማጠጣት እኔ፣ ሶላት አሳልፌ የማላውቅ እኔ።

«አንተማ ግድግዳ ነህ» ብላ ሳቀችብኝ። «ለግድግዳ ማን ዱዓ ያደርጋል?»

ዕድሜ ልኬን ግንበኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ስድብ ግን ሰምቼ አላውቅም። ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ በወረደች ቁጥር የምትጠራው ያንተን ስም ነበር። እኔ አጠገቧ ሆኜ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ የኔ ስም አይመጣም።

ኢማሙ ጋ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፣ ያውም ከኔ ልጅ ያንሳል። «ሰካራም እናቱን ያወርዳል ወይ?» አልኩት።

«መጠጡ ሐራም ነው፣ እሱ አያከራክረንም» አለኝ። «ግን አባባ፣ እርስዎ መጠጥ አምሮዎት ያውቃል?»

«በጭራሽ!»

«እሱ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጠጥ ቤቱን አልፎ መስጊድ የደረሰ ቀን ምን እንደታገለ ከአላህ በቀር ማን ያውቃል? ሚዛኑ እኛ እጅ አይደለም።»

«ታዲያ እኔ ባለመጠጣቴ ከሰርኩ ማለት ነው?» ብዬ ጮህኩበት። መስጊድ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረብኝ።

ቀንቼብህ ነው። ልጄ «አባዬ፣ ይህን ልተወው?» አለችኝ፤ ጻፊው አልኳት። አንድ ጊዜ ከመስጊዱ አጥር ሥር ትውከትህ ላይ ተደፍተህ «ጌታዬ፣ ከዚህ ነገር አውጣኝ» እያልክ ስታነባ ሰምቼሃለሁ። እኔ ሶላቴን አሳምሬ እጨርሳለሁ እንጂ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ጫማዬ እንዳይነካ እየተጠነቀቅኩ፣ እዚያው ቆሜ ቀናሁብህ።

ይህን ደብዳቤ ባልልክልህ የእማዬን ሞት አትሰማም፤ እኔው አወርዳታለሁ፣ ማንም አይወቅሰኝም። ትናንት ማታ እንዲያ አስቤ ነበር። ግን ዓይኗ ከበሩ ላይ አልነቀል አለ።

ስለዚህ ና። ደብዳቤውን ባመጣልህ ሹፌር መኪና ተመለስ። ሳትጠጣ ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነልህም ና። ቀዝቃዛ ውሃ አፈስብሃለሁ፣ ታጥበህ ትገባለህ። ቀብሩ ውስጥ ስትወርድም እንዳትወድቅ ቀበቶህን እይዝልሃለሁ።

በራስጌዋ በኩል የምይዛት ግን እኔ ነኝ። እሱን አልሰጥህም።

ታላቅ ወንድምህ