ጎታ ውስጥ ስለዳነው ስልክ

ቀን፦ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለርቀት የምክር ሕክምና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ ሳትድን «ድናለች» ተብላ የተዘጋው የልጄ ፋይል እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ሙላቴ ፋንታው፣ በፋርጣ ወረዳ ነዋሪ ገበሬ ስሆን፣ መሥሪያ ቤትዎ ልጄ ፋሲካ ሙሉ በሙሉ መዳኗን ገልጾ በስልኳ ስለላከልን የምስክር ወረቀት በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ያማረ ነው፤ ማኅተምም አለው። የጎደለው የዳነ ሰው ብቻ ነው።

1. ልጄ አረብ አገር አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ከመጣች ጀምሮ ዓይኗን ከስልኳ ነቅላ አታውቅም። መሥሪያ ቤትዎ ከኢንተርኔት መላቀቅ ላቃታቸው ወጣቶች በዚያው በስልክ የሚሰጥ ሕክምና መጀመሩን ስሰማ፣ እሾህን በእሾህ ነው ብዬ አስመዘገብኳት።

2. እውነቱን ለመናገር ሕክምናው ሠርቶ ነበር። አማካሪዋ ወይዘሮ አማረች በየሐሙሱ በቪዲዮ ይደውሉላታል። ለእኛ ትንፍሽ የማትለው ልጅ ለእሳቸው አንድ ሰዓት ታወራለች። በአምስተኛው ሳምንት ስልኳን ቤት ትታ ከእናቷ ጋር ገበያ ወረደች።

3. ቀጥሎ እኔ አጠፋሁ። ፍልሰታ ሲገባ የንስሐ አባታችን መምሬ ይርጋ «ሁላችን ስንጾም ስልኩስ ለምን አይጾምም?» ቢሉኝ፣ ነገሩ ደስ አለኝና ስልኩን ከልጄ ወስጄ ጎታ ውስጥ ከተትኩት። በነሐሴ ጎታ ለስልክ የሚሆን ቦታ አያጣም። ቻርጁ በሁለተኛው ቀን አለቀ።

4. የመሥሪያ ቤትዎ ሲስተም የሚቆጥረው ልጄን ሳይሆን ስልኩን ኖሯል። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አለመነካቱን አይቶ «ድናለች» ብሎ ፋይሏን ዘጋ፤ ወይዘሮ አማረችንም ለሌላ ታካሚ መደበ። ሁለት ሐሙስ ተደውሎ ስልኩ አለመነሳቱም ምክር የማያስፈልጋት ደረጃ ላይ መድረሷን ያሳያል ተባለ። በዚህ ሒሳብ ከሆነ፣ ክቡር ኃላፊ፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ ጤነኞቹ መቃብር ያሉት ናቸው።

5. ፋይሉ እንዲከፈት ሦስት ጊዜ ደብረ ታቦር ተመላልሻለሁ። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ በትሕትና «አባባ፣ አቤቱታ የሚቀበለው መተግበሪያው ነው፤ በስልክ ይሙሉት» አለችኝ። ልጄ መተግበሪያውን ብትከፍተው «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ተዘጋ።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። ስልኩን በወሰድኩባት ዕለት ልጄ አልጮኸችም። «ማዳምም እንዲህ ነበር የምታደርገኝ፣ አባ» ብቻ አለች። አሠሪዋ ስልኳን ነጥቃ፣ በር ቆልፋባት ሰባት ወር አስቀምጣት እንደነበር የሚያውቁት ወይዘሮ አማረች ብቻ ነበሩ። እናቷ እንኳ የሰማችው ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። እኔ ለነፍሷ ያሰብኩ መስሎኝ ያንኑ በገዛ ቤቴ ደገምኩባት። አፍሬያለሁ።

አሁን ስልኩን መልሼላታለሁ፤ እሷም ወደ ስልኩ ተመልሳለች። እዚያው ስልኩ ላይ ደላላ አግኝታ ለመስቀል ማግስት ወደ አረብ አገር ለመሄድ ቆርጣለች። እናቷ ብትለምናት «እዚህ የሚያነጋግረኝ ማን አለ?» አለቻት።

ስለዚህ ፋይሏ ተከፍቶ ወይዘሮ አማረች ዳግመኛ እንዲደውሉላት፣ ከተቻለም መጥተው እንዲያነጋግሯት በትሕትና አመለክታለሁ። ከመኪናው መንገድ እስከ ቤታችን በቅሎዬን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ። የምስክር ወረቀቱንም ለሚገባው እንዲሰጥ በክብር እመልሳለሁ።

የምትሄደው መስከረም 18 ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ መልስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ለእኔ አይጻፍልኝ። በር ለምትቆልፍባት ለአዲሷ ማዳም ይጻፍላት።

ቀኑ ሳያልፍ መልስዎን ከሚጠብቅ አባት፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሙላቴ ፋንታው
(ፊርማ)