ያልጻፍኩት ምስጋና፦ ለፔልዊን ሽሮፕ ባለቤት

ለክቡር ሚስተር ኦገስተስ ፔልዊን፣
የፔልዊን የሕፃናት ማረጋጊያና የሆድ ማስታገሻ ሽሮፕ ባለቤት፣
ማንችስተር

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ሆድዎን ካልነፋዎት፣ እንቅልፍም ካልነሳዎት፣ እኛ የብላክበርን ሸማኔዎች ደኅና ነን፤ ይመስገነው። በግል ብጽፍልዎ ስላልተሰማሁ፣ በአደባባይ ስጮኽብዎ ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፦ በጋዜጣ ማስታወቂያዎ ላይ በስሜ ያሳተሙትን የምስጋና ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። እጅግ ያማረ ነው፤ እኔ ብጽፈው ኖሮ እንዲህ አያምርም ነበር። ሻጭዎ ሱቅ ውስጥ አግኝቶኝ «ልጁ ተኛልሽ?» ቢለኝ፣ «ተኛ» አልኩት፤ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ከዚያች ቃል ይህን ሁሉ ምስጋና ማውጣትዎ ትልቅ ሙያ ነው። ባለቤቴን ከቁርጠትና ከግሳት ስለገላገሉልኝም አመስግኜዎታለሁ አሉ። ባለቤቴ ቶማስ የሞተው ልጁ ሳይወለድ ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሆዴን ብሎ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ ያ ተኛ ያልኩት ልጄ ዋልተር በማግስቱ አልነቃ አለ። እኛ ዘንድ እናት ጠዋት ፋብሪካ ስትገባ ልጇን ከነጠርሙሱ ለልጅ ጠባቂ ትሰጣለች። ጠባቂዋም ጥርሱ ነው ብላ ደጋግማ አጠጣችው፤ ምን ታድርግ፣ ጠርሙሱ ላይ «ባለቀሰ ቁጥር ይስጡት» ብለው ጽፈውላታል። ከፋብሪካ ተጠርቼ ስደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሐኪሙ ጠርሙሱን አሽትቶ «ኦፒየም ነው ያጠጣችሁት!» ብሎ ጮኸ። ውስጥ እግሩን በመዳፍ እየመታን፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ እያራስን፣ በስንት መከራ አለቀሰ። ክቡርነትዎ ጸጥ ለማሰኘት የሚደክሙበትን ያን ልቅሶ ስሰማ ተንበርክኬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ሦስተኛ፣ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው፦ ጎረቤቴ ሄስተር ጥርስ ለምታወጣ ልጇ ይህንኑ ሽሮፕ ገዛች። ተይ ብላት፣ ብለምናት፣ «ኧረ ወዲያልኝ! አንቺ በጋዜጣ እያመሰገንሽ፣ የእኔ ልጅ ስትተኛ ነው መርዝ የሚሆነው? ምቀኛ!» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ስሜን ከማስታወቂያው እንዲያወጡልኝ ደጋግሜ ጻፍኩልዎ። መልስዎ ደረሰኝ፦ ሁለት ጠርሙስ ሽሮፕ፣ በነፃ። ልግስናዎን እግዜር ይቁጠርልዎ! ስሜን ግን ይመልሱልኝ፤ በእኔ ስም የሰው ልጅ አይገደልም።

ስሜ ከማስታወቂያዎ እስኪወርድ ድረስ እንቅልፍ የማይወስዳት፣ «ትሑት አገልጋይዎ» ለማለት ጉሮሮዋን የሚተናነቃት፣

ታቢታ ኤንትዊስል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሻጭዎ ቅዳሜ ገበያ መጣ። የእሱም ልጅ ጥርስ እያወጣች እንደምታስቸግረው ሲያወራ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ለእሷስ ስንት ማንኪያ ትሰጣታለህ?» አልኩት። ባርኔጣውን እያገላበጠ «ሚስቴ ሽሮፑን እቤት አታስገባውም» አለ። ሄስተር አጠገቤ ነበረች፤ ጠርሙሱን ከቅርጫቷ አውጥታ እግሩ ሥር ከሰከሰችው። ማስታወቂያዎን በጋዜጣ የሚያነቡ ሌሎች እናቶች ግን ይህን አልሰሙም። ስለዚህ በሚቀጥለው ማስታወቂያዎ፣ በእኔ ምስጋና ፈንታ፣ የሻጭዎን ሚስት ቃል ያትሙልን፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ።