የእናቴ ግዝትና ነፋስ የሚነዳው ሳንቃ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ፤
ቢቸና።

እንደምን ከረሙልኝ? ያ የጉልበትዎ ቁርጥማት እንዴት አደረገዎ? ወሩ የብርድ ወር ነውና አገርሽቶብዎት ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ላሚቱስ ወለደች? ጤፉስ ደህና ገባ? እኔ በእርስዎ ጸሎት በጣም ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለኝ የለም። የጅቡቲን ሙቀትም ለመድኩት፤ ወይም እሱ እኔን ለመደኝ።

እኅቴ ምስራቅ፣ አንቺ አንባቢዋ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ከራስሽ አንድም ቃል እንዳትጨምሪ! መጀመሪያ ይቀመጡ።

እማዬ፣ ባሕር ገባሁ።

አይደንግጡ፤ ይኸው በገዛ እጄ እየጻፍኩልዎ ነው። ወንድሜን አለበልን ከሞጣ በታች አባይን ሲሻገር ደራሽ ውሃ የወሰደብን ጊዜ፣ «ወንዝ ብትገባ የጠባኸው ጡቴ ይፋረድህ» ብለው እንደገዘቱኝ አልረሳሁም። መጀመሪያ ለራሴ ጠበቃ ቆሜ፣ «እማዬ የገዘቱኝ ወንዝ ነው፤ ባሕር መቼ አሉ?» ብዬ ተከራከርኩ። የጎጃም ሰው ክርክር መቼ ያጣል! ሆዴ ግን ያውቀዋል፤ እርስዎ ያሉት ውሃን ሁሉ ነው።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ፈረንጆች ባሕር ላይ የሚጫወቱበትን ዕቃ ማጠብና ማድረቅ ነው። ጨዋታው ምን ዓይነት መሰለዎ! ከቤታችን ጣሪያ የማይተናነስ ጨርቅ ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ ካይት ይሉታል። እሱን በረጃጅም ገመድ ከወገባቸው ጋር ያያይዙና ሳንቃ ላይ ይቆማሉ። ሞተር የለው፣ መቅዘፊያ የለው፤ ነፋሱ ብቻ ውሃውን እየሰነጠቀ ይነዳቸዋል። አንዳንዱማ ከባሕሩ ተነሥቶ የዛፍ ቁመት ያህል ሽቅብ ይወጣና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጉድ እኮ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው አንድ ቀን አልሰለቸኝም። «አቤት የፈጣሪ ሥራ!» እያልኩ ፈዝዤ ስቀር የማጥበው ዕቃ ከእጄ ይወድቅ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ዣክ የሚባለው አሠልጣኝ መፍዘዜን አይቶ «ና፣ እኔው ላስተምርህ» አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትምህርት አሸዋ ላይ ነው። «ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?» ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ በጉንጬ አገኘሁት። አውድማ ላይ በመንሽ እያነሣ ገለባውን ለነፋስ ሲሰጥ ያደገ ሰው ይኼ ይጠፋዋል? ተገርሞ «ማን አስተማረህ?» ቢለኝ «ጤፍ» አልኩት። እንዴት እንደኮራሁ!

ኩራቴ ግን አልቆየም። ካይቱ ሲጎትተኝ የያዝኩትን፣ ገመዶቹ የታሰሩበትን ዘንግ ወደ ደረቴ ሳብኩት። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ «በሬ ሲጎትትህ ተረከዝህን ትከል፤ ገመዱን አጥብቅ» ብለው አይደል ያሳደጉን? ለካ ይኼኛው በሳቡት ቁጥር ይብስበታል። ዣክ «ልቀቅ! ልቀቅ!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ አጠብቃለሁ። አሸዋውን እንደ ማረሻ አረስኩት! ሱሪዬ ተተለተለ። ደርሶ «ለምን አትለቅም?» ቢለኝ «እኛ አገር የሚሰደበው የለቀቀ ነው» አልኩት። ሰውየው በሳቅ ሞተ።

በአራተኛው ቀን የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አልብሶኝ ውሃው ውስጥ ገባን። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈራሁ። ስድስት ጊዜ ወድቄ ጨው ጠጣሁ። በሰባተኛው እጄን ላላ ሳደርግ ሳንቃው ከእግሬ ሥር ተነሣ፤ እኔም ቆምኩ። እማዬ፣ ባሕር ላይ ቆምኩ! ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያህል ሄድኩ። ድምፅ የለ፣ ምን የለ፤ ውሃው ሹልክ ሹልክ ሲል ብቻ ነው የሚሰማው። ሰው ይኼን ያህል ትንሽ ሆኖ ይኼን ያህል ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ሳላስበው «አለበል! አለበል!» እያልኩ ጮህኩ። ከሞተ ጀምሮ ውሃ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ሞቱ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሲስቅ ታየኝ። አለቀስኩ።

ከወጣሁ በኋላ ግዝትዎ ከበደኝ። ይኸው ስምንት ቀኔ፣ እግሬን እንኳ አልነከርኩም። ዣክ «ነፋሱ መልካም ነው፤ ምን ሆንክ?» ቢለኝ «ከቢቸና ደብዳቤ እጠብቃለሁ» አልኩት። ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ለንስሐ አባታችን ለቄስ ሀብተ ሥላሴ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ጥፋቴንም አይደብቋቸው። ሞጣ ላለችው ለእኅቴ ለይርጋነሽ፣ ለባሏ ለፋንታና ለልጆቿ በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። ምስራቅን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ትምህርቷን እንዳትተው። ጎረቤታችን እማማ አመተ ሥላሴንም እንዳይረሱብኝ።

እማዬ፣ እንግዲህ ፍርዱ የእርስዎ ነው። ቢፈቱኝ «ፈትቼሃለሁ» የምትል አንዲት ቃል ለምስራቅ ይንገሯትና ትጻፍልኝ። ባይፈቱኝም አላኮርፍም፤ ዕቃዬን እያጠብኩ ከዳር ሆኜ አያለሁ። ባሕሩ ትልቅ ነው፤ ለእኔ ግን ከእርስዎ አይበልጥብኝም።

ልጅዎ ምናለ
ጅቡቲ፣ ጥር 19 ቀን 2003 ዓ.ም.